ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ሰው በገዛ እርሳሱ ያሰመረበትን መስመር ሊረሳ ይችላል?

አትቸኩሉ። «አዎ፣ ይረሳል» ብላችሁ እንዳትገላግሉኝ። እኔ ራሴ ስጠይቀው ከርሜ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

ዛሬ አሶሳ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሆንኩትን ስትሰሙ ግማሾቻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ። ሁለቱም መብታችሁ ነው። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሳያነብ የሚፈርድ ሰው ምን እንደሚመስል እኔ በመስታወት አይቼዋለሁ።

ለማታውቁኝ፦ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ሠራተኛ ነኝ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። ያደግሁበት መንደር የሚጠራው በቁጥር ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ወገቤ ላይ ከሚደርሱ ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ተጋርቼ ነው።

ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት። የታተመ ነገር ያምናል።

የመድኃኒት ወረቀት እስከ ታችኛው መስመር አነባለሁ። የሳሙና ካርቶን ጀርባ አነባለሁ። ሰው ሲያወራኝ ደግሞ ስሕተቱን በልቤ እያረምኩ ነው የማዳምጠው። አፌን አልከፍትም። በልቤ ግን ቀይ እስክሪብቶ አለ።

እሺ። ወደ መኪናዋ።

አሮጌ፣ ትንሽ፣ ኦቶማቲክ ናት። ከካምቢዮዋ ሥር ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረች። ኡስማን ጋ ወሰድኳት።

ኡስማን የዚሁ አገር ተወላጅ፣ ቤርታ ነው፤ ጋራዡ ማንጎ ዛፍ ሥር ስለሆነ ሰው ሁሉ «ማንጎው ሥር» ነው የሚለው። እናቱ ሐጃ ሐዋ ደግሞ የአጥር ጎረቤቴ ነበሩ። ማንጎ በደረሰ ቁጥር በቀርከሃው አጥር ክፍተት እጃቸውን አሾልከው «እንኪ ልጄ» ይሉኝ ነበር።

«ነበሩ» ማለቴን ልብ በሉ።

ኡስማን ጋስኬቱን ቀየረና አዲስ ዘይት ሞላ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንዲህ አለኝ፦

«ኡስታዛ፣ ይሄ ገና አላለቀም። ነገ ጠዋት መኪናው ሲቀዘቅዝ ይዘህ ና። እንለካለን። ከዛ በፊት ሩቅ አትሂድ።»

ኡስታዛ፣ አስተማሪዋ፣ የሚለኝ መጽሐፍ ከእጄ ስለማይጠፋ ነው። «ና» የሚለኝ ደግሞ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ነው። እኔ በልቤ «ነይ» ብዬ አረምኩት። ሰውዬው ስለ መኪናዬ ዋናውን ነገር እየነገረኝ፣ እኔ ግሡን ነበር የማዳምጠው።

«ለምን አሁን ዘንጓን መዝዘን አናያትም?» አልኩት።

«ዘንግ የለውም። የዚህ ካምቢዮ ዝግ ነው። ከሆዱ ሥር ታፖ አለ፣ የሚፈታ ብሎን፤ እሱን ከፍተን ነው የምናየው።»

«መመሪያው አለኝ» አልኩ። ከኢንተርኔት አውርጄ፣ አትሜ፣ በሽቦ አስጠርዤዋለሁ። ከቦርሳዬ አወጣሁት።

ኡስማን ሳቀ። አጠገቡ የነበሩት ሁለት የባጃጅ ሹፌሮችም ሳቁ።

«ኡስታዛ፣ ይሄ መጽሐፍ አሶሳ መጥቶ ያውቃል?»

ክፋት አልነበረውም። አሁን ሳስበው ቀልዱም ጥሩ ነው። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። እኔ ፊት በመጽሐፍ አይሳቅም።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ሐጃ ሐዋ አረፉ።

በማግስቱ ጋራዡ ተዘጋ። ኡስማን እዚያ እናቱ ግቢ፣ ከእኔ አጥር ማዶ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። እኔም የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ቀን ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። አለቀስኩም። የምር ነው ያለቀስኩት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባምባሲ መድረስ ነበረብኝ። እዚያ ያለ ትምህርት ቤት የንባብ ክፍል ሊከፍት ነው፣ አራት ካርቶን መጽሐፍ እኔ ነኝ የማደርሰው። ልጆቹ ተሰልፈው ይጠብቁኛል ተብያለሁ።

በእናቱ ሐዘን ላይ የተቀመጠን ሰው «የካምቢዮ ዘይቴን ለካልኝ» አይባልም። እዚህ ድረስ ትክክል ነኝ።

በሚኒባስ መሄድ እችል ነበር። ቀኑን ማዛወር እችል ነበር። ግን መመሪያው አለኛ!

መመሪያው ለመለካት ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ መኪናዋ ፍጹም ሜዳ ላይ ትቁም። ሁለተኛ፣ የዘይቱ ሙቀት ከሠላሳ አምስት እስከ አርባ አምስት ዲግሪ ይሁን። ሦስተኛ፣ ታፖው ሲከፈት ሞተሩ እየሠራ ይሁን። ያኔ ዘይቱ እንደ ክር ቀጥኖ ከወረደ ልክ ነው። ምንም ካልወረደ ጎድሏል። ከተንዠቀዠቀ በዝቷል፤ ወደ ጠብታ እስኪቀንስ ይጠበቃል።

ሦስቱንም በእርሳስ አሰመርኩ። በማስመሪያ።

ግቢያችን ውስጥ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ቧንቧው ያልመጣለት ቦይ አለ። በዚያው ቀን ጠዋት መኪናዋን ቦዩ በጎማዎቿ መሃል እንዲሆን አድርጌ አቆምኳት። ግንበኞች ልክ የሚያዩበትን ውሃ የተሞላ ቀጭን ቱቦ ተውሼ አራቱን ጎማ ለካሁ። የኋላ ግራው በጣት ውፍረት ዝቅ ብሎ ነበር፤ ጣውላ አስገባሁለት። ከሳይንስ መምህሩ ቴርሞሜትር ተውሼ ከካምቢዮዋ ሆድ ጋር በጨርቅ አሰርኩት።

ሞተሩን አስነሳሁ። እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ ማርሹን መመሪያው እንደሚለው አንድ በአንድ አዟዟርኩ። ወርጄ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ሠላሳ ስድስት ዲግሪ። ሠላሳ ሰባት። ልቤ እንደ ፈተና ቀን ነበር የሚመታው።

ቁልፉን ታፖው ላይ አደረግሁ።

ያን ጊዜ ነው ከአጥሩ ማዶ ዱዓ የተጀመረው።

አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ፣ ሌላው ተቀበለ። የእኔ ሞተር በመሃላቸው ይንተፋተፋል። የቀርከሃ አጥር ድምፅ አይከለክልም። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት አጠገብ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፤ እኔ ሞተር አስነስቻለሁ። ከቦዩ አንገቴን ብቅ ሳደርግ በክፍተቱ የኡስማን ጀርባ ታየኝ። ነጭ ቆብ አድርጎ አቀርቅሯል። ወደ ሞተሩ ድምፅ ትንሽ ዘንበል ያለ መሰለኝ።

አፈርኩ። ወጣሁና የሞተሩን ቁልፍ አዙሬ አጠፋሁት።

ጸጥ።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ።

መተው እችል ነበር። ዱዓው እስኪያልቅ መጠበቅ እችል ነበር። እኔ ግን ወደ ቦዩ ተመለስኩና ታፖውን ፈታሁት።

ዘይቱ ተንዠቀዠቀ። ክር አይደለም፤ ገመድ ነበር። ባልዲ አስገባሁለት። ቆሜ ጠበቅሁ። ሁለት ሊትር አለፈ። ቀስ በቀስ ቀጠነ፣ ወደ ጠብታ ተለወጠ። ታፖውን ገጠምኩ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ? ደስታ ነው። ሰውዬው እናቱን እያለቀሰ፣ እኔ ቦይ ውስጥ ሆኜ «በዝቶ ነበር፤ አየህ?» እያልኩት ነበር። «መጽሐፉ አሶሳ መጣ።»

ከሰዓት በኋላ ከአልማዝ ጋር ወጣን። አልማዝ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ዝም ማለት የማታውቅ። ሜዳው ላይ መኪናዋ ትንሽ ብታመነታም ሄደች። ከዚያ ዳገቱ መጣ።

ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ ግን አልሄደችም።

«ምነው፣ ትጮኻለች እንጂ አትሄድም?» አለች አልማዝ።

ነዳጅ ጨመርኩ። ይበልጥ ጮኸች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች።

«ኧረ ወደ ኋላ ነው! ኧረ መኪና አለ ከኋላችን!»

በመስታወቱ ማሽላ የጫነ አይሱዙ ፊቱን ሞልቶ ይታየኛል። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። መኪናዋ አልቆም አለች፣ ተንሸራተተች፣ ከዚያ ቆመች። ካርቶኖቹ ተገልብጠው አንዱ መጽሐፍ አልማዝ ትከሻ ላይ አረፈ።

የአይሱዙው ሹፌር ወርዶ ጎማችን ሥር ድንጋይ ወሸቀ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«እትዬ፣ የተበላሸው መኪናው ነው ወይስ ነጂው?»

ስልኬን አወጣሁ። ለእርዳታ እንዳይመስላችሁ። ፖስት ለማድረግ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፦ «ማንጎው ሥር መኪናችሁን የምትሰጡ ተጠንቀቁ። የካምቢዮ ዘይት ከልክ በላይ ሞልቶ ዛሬ ሁለት ሰው ሊያስጨርስ ነበር። ሙያና ንባብ ሳይተዋወቁ ሲቀሩ ዋጋው ይህ ነው።»

ዳገት ላይ ቆሜ፣ እንባዬ እየወረደ የጻፍኩት ነው። አንድ ነጠላ ሰረዝ አልሳትኩም።

መኪናዋን ጎትተው ባምባሲ አደረሷት። እዚያ ያለው መካኒክ ከሥሯ ገብቶ ወጣና «አዴ፣ ካምቢዮው ጤነኛ ነው። ዘይት ነው የጎደለው፣ በጣም ጎድሏል። ማነው የለካው?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያኔ ነበር።

«አሶሳ ነው የተሠራው» አልኩት።

ውሸት አለበት? የለበትም። ቃል በቃል እውነት ነው። እሱም ራሱን ነቅንቆ ዘይት ጨመረላት፣ መኪናዋም እንደ ፍየል ዳገት መውጣት ጀመረች። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለነበር መጽሐፎቹን በማግስቱ አስረከብን።

ማታውኑ ወደ ፖስቱ ተመለስኩ። «ከልክ በላይ ሞልቶ» የሚለው ከእንግዲህ እንደማያስኬድ ገብቶኛል። አጠፋሁት እንዳትሉ። ኤዲት አደረግሁት። «ሳይለካ ለቆ» አልኩት። ይሄም ቃል በቃል እውነት ነው፤ አልለካም። ነገ ጠዋት ና ብሎኝ ነበራ።

ኮመንቱ ይጎርፋል። «እንኳን አተረፈሽ።» «እነሱ እንዲህ ናቸው።» «ሼር አድርጌዋለሁ።» በመሃል ፎቶው አበባ የሆነ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ አንዲት መስመር ጻፈ፦

«በኋላ የለካው ሰው አለ? ሲለካ ሞተሩ እየሠራ ነበር?»

ልመልስለት መመሪያውን ገለጥኩ። ገጹ ላይ፣ ሦስተኛው ነጥብ ሥር፣ በማስመሪያ የተሰመረ መስመር አለ። የኔ እርሳስ ነው። ከሥሩም ለምን እንደሆነ ተጽፏል፤ ሞተሩ ሲጠፋ በካምቢዮው ውስጥ ይዞር የነበረው ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ የበዛ ይመስላል። የበዛ የመሰለኝን ቀድቼ የደፋሁት ትክክለኛውን ዘይት ነው።

ለአበባው ምን ብዬ እንደመለስኩለት ታውቃላችሁ? «በመመሪያው መሠረት ነው የተደረገው።»

ብዙ ላይክ አገኘ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት አላስረዝምባችሁም። ማንጎው ሥር ድሮ ሁለትና ሦስት መኪና ተራ ይጠብቅ ነበር። መጀመሪያ የአንድ መሥሪያ ቤት ፒክአፕ ቀረ። ከዚያ የሸርቆሌ መስመር ሚኒባሶች ቀሩ። አንድ ቀን ሳልፍ ኡስማን ብቻውን አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ንጹሕ ቁልፍ በጨርቅ ይወለውላል።

«ኡስታዛ፣ ሰላም ነው?» አለኝ።

ሰላም አለኝ! እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ላይብረሪ የምሄደው በጀርባ መንገድ ሆነ። በእግር ሩብ ሰዓት ይጨምራል። ለምን እንደሆነ ለጠየቀኝ «ለጤና ነው» እል ነበር።

ዛሬ ጠዋት አልማዝ መምህራን ክፍል ውስጥ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«ሰማሽ? ኡስማን ጋራዡን ሊዘጋው ነው አሉ። ያንቺ ጽሑፍ እኮ ስንቱን አዳነ!»

ሻዬን አስቀመጥኩ። መመሪያውን ከመሳቢያዬ አወጣሁ። በጀርባ መንገድ አልሄድኩም።

ሁለቱ የባጃጅ ሹፌሮች አሁንም እዚያ ናቸው። መኪና የለም። ኡስማን ዕቃውን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር። መንገድ ላይ አረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ባለቤትም ማሰሪያ አንቀጽም ያለው። ደርሼ አፌን ስከፍት ጠፋብኝ። ገጹን ገልጬ ዘረጋሁለትና በጣቴ መስመሩን አሳየሁት።

«ሞተሩን አጥፍቼ ነው የለካሁት» አልኩ። «ዘይቱን የደፋሁት እኔ ነኝ። አንተ አይደለህም።»

ገጹን አላየውም። እኔን ነው ያየኝ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ሞተር ተነሳ፣ ሰማሁ። ዱዓ ሲጀመር ጠፋ፣ ሰማሁ። በልቤ ‹ኡስታዛ ሰው ነው፣ እናቴን አከበረ› አልኩ። ከዛ ዘይት ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ሰማሁ። ብዙ ዘይት። እኔ መካኒክ ነኝ ኡስታዛ፣ የዘይት ድምፅ አውቃለሁ። ‹ተው፣ ዝጋው› ልልህ ፈለግኩ። ግን በእናቱ ዱዓ ላይ ለዘይት የሚነሳ ልጅ አለ?»

አጥሩ በመሃላችን ነበር። እኔ ለእናቱ ብዬ ሞተር አጠፋሁ፣ እሱ ለእናቱ ብሎ ዝም አለ። ዘይቱ በመሃል ፈሰሰ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ከዚያ በኋላ፣ ለሰው?»

«ከሐዘን ስነሳ ላንተ ልነግር ነበር። ስነሳ ስልኬ ላይ ጽሑፍህ አለ። ምን ልበል? ለእናቴ ብለህ ያደረግከውን ነገር፣ ሰው ፊት ጥፋት ነው ልበል?»

ማልቀስ ጀመርኩ። ይቅር የተባልኩ መስሎኝ ነው፤ እናንተም እንዲያ ሳይመስላችሁ አይቀርም።

«አታልቅስ» አለ። «ተናድጃለሁ። አሁንም ተናድጃለሁ። ሻይ አልጋብዝህም።»

አንደኛው ባጃጅ ሹፌር ሳቁን ሊውጥ ሞከረና አልቻለም።

«ምን ላድርግ?» አልኩ።

«ያኛውን የጻፍክበት ቦታ ጻፍ።»

«በደማቁ» አለኝ የባጃጁ ሹፌር። «ከነፎቶሽ።»

ይሄን የምትጤቡትን... አያችሁ፣ ፊደል ሳትኩ፤ ይሄኛውን ስሕተት ሆን ብዬ አላርመውም። ይሄን የምታነቡትን የጻፍኩት እዚያው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ነው። እስከዚህ ድረስ ያለውን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዕቃ መክተቱን አቁሞ ሰማኝ። ሲያልቅ «ረዘመ» አለ። ከዚያ «ዘይት የሚለካ ሰው ሞተር እያሠራ ይለካ፣ ይሄን በደንብ ጻፍ። ሌላ ሰው እንዳይሳሳት» አለ። ጻፍኩት፦ ሞተሩ እየሠራ።

ከመሄዴ በፊት ያን ጥያቄ ጠየቅሁት። ወደ ቦዩ ስመለስ ረስቼው ነበር፣ ወይስ አውቄ፣ እሱ እንዲሳሳት ስለፈለግሁ ነው የከፈትኩት?

እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እኔ ካምቢዮ ነው የምፈታው፣ ኡስታዛ» አለ። «ይሄን አልፈታም።»

ካርቶኑ አሁንም ግማሽ ሞልቶ እዚያው ተቀምጧል። ዕቃውን መልሶ ያወጣዋል ወይስ ካርቶኑን ይሞላዋል፣ ገና አልወሰነም። ያኛውን ፖስት ሼር ስታደርጉ ማናችሁም «እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም።

ይሄኛውንስ ሼር ታደርጉታላችሁ?